ባለ ሁለት መንኮራኩር የወርቅ ድንጋይ ወፍጮ፦ ለመፍጨት ግዙት፣ ሜርኩሪውን ግን ተዉት

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ይህን ማሽን ድንጋይ ለመፍጨት ብቻ ከፈለጋችሁት ገንዘቡ አይቆጫችሁም። ሻጮቹ እንደሚሉት «ይፈጫል፣ ወርቁንም እዚያው ይይዝላችኋል» ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ወርቃችሁን፣ ወርቅ ይይዛል ተብሎ ከሚፈስበት ፈሳሽ ብረት ከሜርኩሪው ጋር፣ ወደ ወንዝ ትሸኙታላችሁ። የቀረው ጽሑፍ የዚህ ማብራሪያ ነው።

እኔ የቻግኒ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ወፍጮ ነው። የእህል ወፍጮ እተክላለሁ፣ ድንጋዩን እወቅራለሁ፣ ያረጀ ሊስተር የናፍጣ ሞተር አስነሳለሁ። ወርቅ ቆፍሬ አላውቅም። ወደዚህ ነገር የገባሁት ወደ መተከል፣ በለስ ወንዝ በኩል ወርቅ የሚሠሩ የወጣቶች ማኅበር ማሽኑን ገዝተው የሚተክልላቸው ስላጡ ነው። «አያ፣ ወፍጮ ወፍጮ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ወሰዱኝ። ከተተከለ በኋላ ጥገናውም በእኔ ላይ ቀረ።

ለሩቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። መተከል ድሮ የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር፤ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ለእኛ ለቻግኒ ሰዎች ግን የወርቅ መንገድ ሁልጊዜም ወደዚያው ነው። ጎጃም ውስጥ የወርቅ ወሬ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሶ ገበያ፣ በዛሬዋ የጁቤ፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ ወርቅ ይሸጥ ነበር። አዲሱ ነገር ማሽኑ ነው። የወንዝ አሸዋ ወርቅ ተፈጥሮ ራሷ ፈጭታ ያስቀመጠችው ስለሆነ ገበቴ ይበቃዋል። በነጭ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረው ግን ድንጋዩ ዱቄት ካልሆነ አይወጣም። ልጆቹም ከአሸዋው ወደ ድንጋዩ ሲሻገሩ ነው ወፍጮ ያስፈለጋቸው።

ማሽኑ ቻይና ሠራሽ ነው። ክብ የብረት ገበታ አለው። በገበታው ላይ ሁለት ወፋፍራም የብረት መንኮራኩሮች ቆመው ይዞራሉ። መሐል ላይ ካለው ዘንግ ጋር በአግዳሚ ብረት ታስረዋል። ዘንጉን ካምቢዮ ያዞረዋል፣ ካምቢዮውን ደግሞ ዲናሞ በቺንጋ። የእኛው «1200» የሚባለው ሞዴል ነው። ዲናሞው ላይ 7.5 ኪሎ ዋት ተጽፎበታል፤ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። መንኮራኩሮቹ በደቂቃ ሃያ ዙር ገደማ ቢሄዱ ነው። የእህል ወፍጮ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲያየው «ይሄ ታሟል እንዴ?» ይላል። አልታመመም። የእኛ ወፍጮ በፍጥነት ይፈጫል፤ ይሄኛው ተጭኖ ነው የሚፈጨው። ውሃ ይገባል፣ ድንጋይ በአካፋ ይገባል፣ ሲደቅ ከውሃው ጋር ጭቃ ሆኖ በመውጫው ይፈሳል። ደረቅ ስላልሆነ አቧራ የለውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የነጭ ድንጋይ አቧራ ሳንባ ይጨርሳል።

አፈጫጨቱ ግሩም ነው። ከመውጫው የሚመጣውን ጭቃ በሁለት ጣታችሁ ብታሹት ለስላሳ ነው፣ አይኮረኩርም። ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚጠቀሙበት በመዶሻ የሚመታ ትንሽ ደረቅ ወፍጮ ነበር። እሱ አንዱን ዱቄት፣ አንዱን ጠጠር ያደርገዋል። መዶሻውም ቶሎ ይበላል። ይሄኛው እኩል ያወጣል።

ሻጩ የማይነግራችሁ ግን አለ። ወደ ገበታው የሚገባው ድንጋይ ከ25 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። እስከዚያ ድረስ ማን ይሰብረዋል? ሰው ነው የሚሰብረው። የሥራው ክፉ ክፍል ይሄ ነው። አቅም ያለው መሰባበሪያውን አብሮ ይግዛ። አቅም የሌለው ለመዶሻ የሚሆን ጉልበት ከወዲሁ ያስብ። ትልቅ ድንጋይ ብትጥሉበት መንኮራኩሩ ይዘልና አግዳሚውን ያጎብጠዋል። በወረቀቱ ላይ በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ቶን ይፈጫል ይላል። በእኛ ድንጋይ እውነቱ የታችኛው ቁጥር ነው።

ተከላው ላይ አትቸኩሉ። መሠረቱ ሲሚንቶ መሆን አለበት፤ ቡሎኖቹ ሲሚንቶው ሲፈስ አብረው ይቀበራሉ። ገበታውን በውሃ ልክ አስተካክሉት። ከተጋደመ አንዱ መንኮራኩር ይበላል፣ ከባዱ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይከማቻል። ክሬን ስለሌለን እኛ ያወረድነው በፓራንኮና በሰው ትከሻ ነው። ያን ቀን የነበረ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሳያወራው አይውልም።

መብራት ካለ ሦስት ፌዝ ያስፈልጋችኋል። ዲናሞ ሲነሳ ከሚሠራበት አምስት ስድስት እጥፍ ኃይል ይስባል፤ ስለዚህ ጀነሬተር ስትገዙ በ7.5 ኪሎ ዋት አትስፈሩ። ስታር ዴልታ የሚባለውን፣ ዲናሞን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ማስነሻ አስገጥሙለት፣ ከፍ ያለ ጀነሬተርም ያዙ። መብራቱ የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆናችሁ ዲናሞውን ትታችሁ ሊስተር ላይ እሰሩት። ፑሌጃውን ማስተካከል ብቻ ነው። ሊስተር ደግሞ ገጠር ውስጥ የሚጠግነው አይጠፋም።

አሁን ወደ ሜርኩሪው።

የማሽኑ ዋና ማስታወቂያ ይሄ ነው፦ ገበታው ውስጥ ሜርኩሪ ታፈሳላችሁ፣ ድንጋዩ እየተፈጨ ወርቁ እየተያዘ ይቀመጣል። ሲነገር ያምራል። ሜርኩሪ ከባድ ነው፤ አንድ ሊትሩ 13 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለዚህ ከታች ይተኛል። ወርቅ ሲነካው ይቀበለዋል፣ ድንጋይ ግን አይቀበልም። ማታ ማሽኑ ይቆማል፣ ገበታው ይታጠባል፣ ከሥር እንደ ሊጥ የሆነ ነጭ ነገር ይለቀማል። በጨርቅ ይጨመቃል፣ ይቃጠላል፣ ወርቁ ይቀራል።

ሐሳቡ የቻይናም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1554 ሜክሲኮ ፓቹካ ውስጥ ባርቶሎሜ ደ ሜዲና የሚባል ስፔናዊ የብር ማዕድን አስፈጭቶ ከሜርኩሪና ከጨው ጋር ሰፊ ሜዳ ላይ በመደባለቅ ብር ማውጣት ጀመረ። በኋላ ጭቃውን የሚያሹት በቅሎና ፈረስ ሆኑ፤ የእኛ በሬዎች አውድማ ላይ ጤፍ እንደሚያበራዩት ማለት ነው። ያ አሠራር በላቲን አሜሪካ ለመቶዎች ዓመታት ቆየ። ከጀርባው የተረፈው የሜርኩሪ መርዝ ዛሬም አፈሩ ውስጥ ይገኛል።

ችግሩ ያለው መንኮራኩሩ ላይ ነው። ያን የሚያህል ብረት ድንጋይ ለማድቀቅ የተሠራ ነው። ሜርኩሪውን ደግሞ ለይቶ አይምርም። ይሰባብረዋል። ሜርኩሪ ሲሰበር ወደ ደቃቅ ፍንጣሪ ይለወጣል። ንጹሕ ቢሆን ፍንጣሪው እርስ በርሱ ተገናኝቶ ይመለስ ነበር። እዚያ ገበታ ውስጥ ግን ሸክላ አለ፣ ዝገት አለ፣ ድኝ ያለበት ድንጋይ አለ፣ ከኩሽኔታ የሚንጠባጠብ ግራሶ አለ። እያንዳንዱ ፍንጣሪ በዚህ ቆሻሻ ይለበጥና አይገናኝም። ከውሃው ጋር ይወጣል። ወርቅ የያዘውም እንደያዘ ይወጣል።

ይሄን ከማንም አልሰማሁም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ማኅበሩ በሻጩ ምክር ሜርኩሪ ይጨምር በነበረበት ጊዜ፣ ከመውጫው ሥር ጭቃ በገበቴ ቀድቼ ቀስ ብዬ አጠብኩት። ቀላሉ ሄደ። ጥቁሩ አሸዋ ቀረ። ከጥቁሩ አሸዋ ጫፍ ላይ ቀጭን፣ አመድማ፣ የምታብለጨልጭ መስመር ነበረች። ፀሐይ ላይ አዘንብዬ ሳያት በአንድ ላይ የተሰለፉ ኢምንት ኳሶች ናቸው። በጥፍሬ ብነካቸው ይንከባለላሉ እንጂ አይጣበቁም። ሊቀመንበሩን ጠርቼ አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና «ይሄ በገንዘብ የገዛነው ነው?» አለ። ነው። ወርቁም አብሮ አለ።

የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የሚያወጣቸው መመሪያዎች እንደሚሉት፣ ሜርኩሪ በጠቅላላው ማዕድን ላይ፣ ማለትም ገና ባልተጣራው ድንጋይ ሁሉ ላይ ሲፈስ ለአንድ ግራም ወርቅ ከ3 እስከ 50 ግራም ሜርኩሪ ሊጠፋ ይችላል። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። በወርቅ ሥራ ውስጥ መጥፋት አለባቸው ብሎ በዝርዝሩ ካስቀመጣቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ሜርኩሪን ከጠቅላላው ማዕድን ጋር መፍጨት ነው። አስቡት፤ ሻጩ እንደ ልዩ ጥቅም የሚቆጥርላችሁ ነገር ዓለም ይቅር ብሎ የተስማማበት ነው።

ውሃው የት ይሄዳል? ወደ በለስ። በለስ ወደ ዓባይ። ዓባይ ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ዓሣ ይጠመዳል። ሜርኩሪ ጭቃ ውስጥ ሲቆይ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡታል። ያ መርዝ ዓሣ ውስጥ ይጠራቀማል። ትልቁ ዓሣ ትንሹን እየበላ ይበልጥ ይከማችበታል። ስምምነቱ ስሙን ያገኘው ጃፓን ውስጥ ካለችው ሚናማታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 እዚያ ነው የፋብሪካ ቆሻሻ የገባበት ባሕር ዓሣ የበሉ ሰዎች ሲንዘፈዘፉና ሲሽመደመዱ የታየው።

ከወንዙ በፊት ግን ቤት ውስጥ ያለው አለ። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል። ከሰል ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቡና በሚያፈላበት ምድጃ ላይ ያቃጥለዋል። አንዲት ወርቅ የሚያጥቡ እናት ጓዳ ውስጥ ሲያቃጥሉ ደርሼ፣ «እትዬ፣ ኧረ ይሄን ቤት ውስጥ አያቃጥሉት፣ ልጆቹ እኮ የሚተኙት እዚሁ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጭስ እንኳ የለውም እኮ» አሉኝ።

ክፋቱ እሱ ነዋ። ጭሱ ቢታይ፣ ቢሸት፣ ቢያስነጥስ ሰው ይሸሸው ነበር። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ድድ ሲያብጥ፣ ሰው ነገር መርሳት ሲያበዛ «ወባ ነው» ይባላል። በእኛ ቆላ ሁሉም ነገር ወባ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ አሁን እንዴት እየሠራን ነው? ገበታው ውስጥ አንዲት ጠብታ ሜርኩሪ አይገባም። ማሽኑ ወፍጮ ብቻ ሆኗል። ከመውጫው ፊት ዘንበል ያለ የእንጨት ቦይ ሠራን፣ ወለሉ ላይ ሸካራ ምንጣፍ አነጠፍን። ጭቃው በላዩ ሲፈስ ከባዱ ነገር ምንጣፉ ውስጥ ይሰነቀራል። ምንጣፉ ቶሎ ቶሎ በበርሜል ውሃ ይታጠባል። ይሄን የሰነፈ ወርቅ ያመልጠዋል፤ ምንጣፍ ከሞላ አይይዝም። ትልልቁ ወርቅ ደግሞ ከገበታው ብዙም አይወጣም። መንኮራኩሩ ሥር ይቀመጣል። ማታ ገበታውን ስናጥብ እናገኘዋለን።

ከዚያ የተሰበሰበው ጥቁር አሸዋ በገበቴ ይጠራል። ውሃው ላይ ላርጎ ጠብ አድርጉበት። ደቃቅ ወርቅ ግራሶ ከነካው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ላርጎው ያሰምጠዋል። የብረቱን ዱቄት በማግኔት ታነሱታላችሁ፤ ማግኔቱን ግን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ስታላቅቁት ነው የምትውሉት። የቀረው በቦራክስ፣ ወርቅ ሲቀልጥ ቆሻሻውን በሚለይ ነጭ ዱቄት፣ ይቀልጣል። ቦራክስ ለወርቅ አንጥረኞች አዲስ አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ቤንጌት የሚባል አገር ያሉ ቆፋሪዎች ሜርኩሪ ትተው በቦራክስ መሥራት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ሆኗቸዋል።

ልጆቹ ወዲያው አላመኑም። እውነት ለመናገር እኔም ቢሆን ስንት እንደሚገኝ አላውቅም ነበር። ከአንድ ክምር የተወሰደ ድንጋይ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን በሜርኩሪ፣ አንዱን ያለ ሜርኩሪ ፈጩት። ያለ ሜርኩሪው አላነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ በለጠ። ሜርኩሪ የሚገዛበት ወጪ ደግሞ ቀረ። ይሄ የእኛ ድንጋይ ነው። የእናንተ ድንጋይ ድኝ የበዛበት ከሆነ፣ ወርቁም በጣም ደቃቅ ከሆነ፣ ምንጣፍ ብቻውን ብዙ ያሳልፋል። ምንጣፉን አልፎ የሚወርደውን ዝቃጭ አትድፉት፤ አጥራችሁ አከማቹት። ዝቃጭ እንግዛችሁ የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። የቀረውን ወርቅ ሳያናይድ በሚባል፣ ወርቅ በሚያሟሟ መርዝ ሊያወጡት ነው። ሜርኩሪ ያለበት ዝቃጭ ከሳያናይድ ጋር ሲገናኝ ሜርኩሪው በውሃ ይሟሟና እንደ ልብ ይሄዳል። ዝቃጫችሁ ንጹሕ ከሆነ ቢያንስ ያ ጣጣ የለም።

«ያለ ሜርኩሪ አልችልም» የሚል ካለ፣ መጨረሻ ላይ በተጣራችው እፍኝ አሸዋ ላይ ብቻ ይጠቀም፣ በተዘጋ ዕቃ ያቃጥል። ዕቃውን ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ኩባያ፣ ከክዳኑ የሚወጣ ቱቦ፣ ቱቦው ጫፉ ውሃ አጠገብ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ። ሜርኩሪው ተመልሶ ይጠራቀማል። ቱቦው ጥቁር ብረት ይሁን። ነጩ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲሞቅ እሱም መርዝ ይተፋል። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ አይጠመቅ፤ እሳቱ ሲበርድ ውሃ ስቦ ያስገባና ዕቃው ይፈነዳል። ቀለበት ያደረገ ሰው ደግሞ ያውልቅ። ሜርኩሪ የጋብቻ ቀለበት አያውቅም፤ ያነጣዋል።

ጥገናው ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንዱ ግራሶ ነው። መሐለኛው ዘንግ ላይ ያለው ላስቲክ ማተሚያ ደካማ ነው። ሲያልቅ ግራሶው ወደ ገበታው ይወርዳል። የውሃው ፊት ላይ ቀስተ ደመና ካያችሁ ማሽኑን አቁሙ። እኛ የመጣውን ላስቲክ አውልቀን የከባድ መኪና አስገባን፤ ጥሩ ይዟል።

ሁለተኛው የመንኮራኩሮቹ ቀለበት ነው። ዙሪያውን የሚለብሱት ጠንካራ የማንጋኒዝ ብረት አለ፤ ድንጋዩን የሚነካው እሱ ነው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ አይወቀርም፣ ያልቃል፣ ይቀየራል። ማንጋኒዝ ብረት ደግሞ ሲመታ ይበልጥ የሚጠነክር ነገር ስለሆነ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አይላጭላችሁም። በብየዳ መሙላት ይቻላል፤ ግን ለዚያ የሚሆነውን ኤሌክትሮድ እዚህ አታገኙም።

ዋጋውን አልጽፍም። በ2016 ሐምሌ ብር በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተባለው ዋጋ ነገ አይሠራም። ስትደራደሩ ግን ቀለበቱን ከነመለዋወጫው ካላመጣችሁ አልከፍልም በሉ። የፈቃዱንም ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ። የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ በእጅ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ነው፤ ማሽን ስትተክሉ ጥያቄ ይመጣል።

ለመፍጨቱ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለላስቲኩና ለድንጋይ መስበሩ ነው። ለወርቅ መያዙ ዜሮ። የሻጩን አገልግሎት ልጆቹን ጠይቁ። እስኪከፍሉ ድረስ በቀን ሦስቴ ይደውል ነበር። ከከፈሉ በኋላ መመሪያው በቻይንኛ መጣ፤ ሥዕሉን እያየን ነው የተከልነው። ተተኪ ቀለበት ካዘዝን ክረምት አልፎ መስቀልም ወጣ። በተደወለ ቁጥር «ነገ ይጫናል» ነው መልሱ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም ሰበብ ያገኛል።